አክሪሊኩ ከታች፣ ዘይቱ ከላይ፦ ሁለት ዓይነት ቀለም በአንድ ሥዕል ላይ



ከሥዕል ክፍል ደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። «አክሪሊክና የዘይት ቀለም በአንድ ሥዕል ላይ አብሮ መጠቀም ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከቅንጦት የመጣ አይደለም። እኛ እጅ የሚገባው ቀለም ሁልጊዜ ቅልቅል ነው። ከአንዱ ካርቶን ሦስት ቲዩብ አክሪሊክ ይወጣል፣ ከሌላው ሁለት ቲዩብ የዘይት ቀለም፣ በዚያ ላይ ከግንባታ የተረፈ ግማሽ ጣሳ የግድግዳ ቀለም። ያለውን ካላጣመርነው አንድም ሥዕል አይሞላም።

አጭሩ መልስ ይቻላል ነው። ግን ተራው አይገለበጥም። አክሪሊኩ ከታች ይሆናል፣ ዘይቱ ከላይ። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኪሳራ ነው የተማርነው። ስለዚህ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንንገራችሁ።

በካርቱም የጠፋው ፊት

ከጦርነቱ በፊት በካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ማታ ማታ የሥዕል ትምህርት እንሰጥ ነበር። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ እዚያው ሱዳን የተወለዱ ናቸው፤ አገር ቤትን የሚያውቁት ከወላጆቻቸው አፍ ነው። አንድ ቀን ሁላችንም ተሰብስበን አንድ ትልቅ ሥዕል እንሥራ ተባለ። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ የሰማውን አንድ ነገር ይሥላል። አንዱ ጎጆ፣ አንዱ ጥንድ በሬ፣ አንዷ ደግሞ አይታት የማታውቀውን አያቷን፣ እናቷ እንደነገረቻት አድርጋ።

ሸራ ውድ ስለነበረ ደሙሪያ የሚባለውን የሱዳን የጥጥ ጨርቅ ገዝተን በጣውላ ወጠርን። ሰማዩንና መሬቱን ለመቀባት ከሱቅ አረቢ ርካሽ ቡህያ አመጣን። ያ የብረት በር የሚቀባበት የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ነው። ሰዎቹንና ቤቶቹን ግን በእርዳታ ባገኘነው አክሪሊክ ሠራናቸው። ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር። ወላጆች መጥተው አዩት፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ።

ክረምትና ሙቀት አልፎ ሥዕሉን ስናየው ጫፍ ጫፉ ተነሥቷል። ጎጆው እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሏል። የአያትየዋ ፊት ሙሉ በሙሉ ተላጦ መሬት ላይ ወድቋል። ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ቀለም ግን ምንም አልሆነም! ልጅቷ ፊቱን አነሣችና ደብተሯ ውስጥ አስገባችው። እኛም አስተማሪ ተብለን የምንመልስላት ነገር አልነበረንም።

ታዲያ ለምን ተላጠ?

ማንኛውም ቀለም ሁለት ነገር ነው። አንዱ የቀለም ዱቄቱ ነው፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ቡናማው። ሌላው ዱቄቱን አጣብቆ የሚይዘው ነው። አክሪሊክና የዘይት ቀለም በዱቄቱ ብዙም አይለያዩም፤ ልዩነቱ በያዡ ላይ ነው።

የዘይት ቀለም ያዡ አብዛኛውን ጊዜ የተልባ ዘይት ነው። አዎ፣ እናቶቻችን ቆልተው የሚፈጩት ተልባ! የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለወጣል። በእጅ ሲነካ ደረቅ ለመምሰል ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ይወስዳል። ውስጡ በደንብ እስኪደርቅ ግን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ይጠነክራል፣ መተጣጠፍም ያቅተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እናስገባ። ቀለም ወፍሮባቸው በወጥ ቤት ዘይት ያቀጠኑ ተማሪዎች አጋጥመውናል። የኦቾሎኒ ዘይት በጭራሽ አይደርቅም፤ የሰሊጥ ዘይትም በሚገባ አይደርቅም። በሱዳን ሁለቱም ሞልተዋል፤ ለፉልና ለጣሚያ ይሁኑ እንጂ ወደ ሥዕል አታስገቧቸው። ሥዕሉ ዓመቱን ሙሉ እንደተጣበቀ፣ አቧራ እንደለቀመ ይኖራል።

አክሪሊክ ሌላ ነገር ነው። ያዡ ከፕላስቲክ ወገን የሆነ፣ በውሃ ውስጥ በጣም በደቀቀ መልኩ የተበተነ ነገር ነው። ውሃው ሲተን ደቃቆቹ ይጠጋጉና ተያይዘው አንድ ሽፋን ይሆናሉ። ላዩ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ በውሃ አይለቅም፣ እንደ ጎማ ይለጠጣል።

አሁን የካርቱሙን ሥዕል አስቡት። ከሥር ዘይት፣ ከላይ በውሃ የተበጠበጠ ፕላስቲክ። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እንጀራ ሲጋገር አይታችኋል። እናቶች ሊጡን ከማፍሰሳቸው በፊት ምጣዱን በጎመን ዘር ያስሱታል። ለምን? የዘሩ ቅባት በምጣዱና በሊጡ መካከል ገብቶ እንጀራው እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ ነው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ምጣዱን አሰስንና ሊጡን አፈሰስን። እንጀራው ሊነሣ ግድ ነበር። ልዩነቱ፣ እንጀራው እንዲነሣ ይፈለጋል፤ የአያት ፊት ግን እንዲነሣ አይፈለግም።

በዚህ ላይ የታችኛው ዘይት ገና እየደረቀ፣ ገና እየተንቀሳቀሰ ነበር። የላይኛው አክሪሊክ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ዘግቶበታል። ከታች የሚንቀሳቀስ፣ ከላይ የተዘጋ። ውጤቱ መላጥና መሰንጠቅ ነው።

በተቃራኒው ሲሆንስ? ደብዛዛና ሻካራ የሆነ የአክሪሊክ ሽፋን ላይ ዘይት ሲቀባ፣ ዘይቱ ወደ ጥቃቅኑ ሻካራ ገብቶ ይይዛል፣ በላዩም ያለ ችግር ይደርቃል። ዛሬ በሱቅ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አብዛኛው ነጭ ሸራ ራሱ በአክሪሊክ መነሻ የተቀባ ነው፤ ሰዓሊዎችም በላዩ በዘይት ይሥላሉ። ስለዚህ «አክሪሊክ ከታች፣ ዘይት ከላይ» የሚለው ሥራ ሳይታወቀን በየቦታው አለ ማለት ነው።

ሁለቱን በብሩሽ ላይ ወይም በሳህን ላይ እርጥብ ለእርጥብ መደባለቅ ግን አይሞከር። ዘይትና ውሃ ነው፤ ይቋጠራል።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

ቁሳቁስ ማጣመር የድሃ ሥራ ነው የሚል ተማሪ ካለ ይህን ያንብብ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዋቂው ሱዳናዊ ሰዓሊ ኢብራሂም ኤል-ሳላሂ በ1930 ኦምዱርማን ተወለዱ። በካርቱም ተምረው፣ ከ1954 እስከ 1957 ለንደን ስሌድ በሚባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ቆይተው፣ ተመልሰው ካርቱም አስተምረዋል። ከ1961 እስከ 1965 የሠሩት «ዳግም የተወለዱ የልጅነት ሕልሞች ድምፆች» የሚባለው ሥዕላቸው በሁለቱም ጎኑ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ነው። የተሠራውም በጥጥ ጨርቅ ላይ፣ በኢናሜልና በዘይት ቀለም ነው። ኢናሜል ማለት ያው የበርና የመስኮት ቀለም ዓይነት ነው! ሥዕሉ ዛሬ ለንደን፣ ቴት በሚባለው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ልብ በሉ፦ እሳቸው ያጣመሯቸው ሁለቱ ቀለሞች ከአንድ ወገን፣ ከዘይት ወገን ናቸው። እኛ ግን ባዕዳኑን፣ ያውም በተገለበጠ ተራ አጋባናቸው።

እኚሁ ሰዓሊ በ1975 ያለ ፍርድ ታስረው ካርቱም በሚገኘው ኮበር እስር ቤት ስድስት ወር ቆይተዋል። እዚያ በቁራጭ ወረቀት ላይ በድብቅ እየሣሉ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ቁሳቁስ አነሰን የምንል ሰዎች ይህንን ማስታወስ ደግ ነው።

የኛው እስክንድር ቦጎሲያንም በ1964 የሠራው «የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ» በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን የተለጠፈ ቁራጭም አለበት። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ብዙው የግድግዳ ሥዕል በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። የድሮ ሰዓሊዎች ጨርቁን፣ ማጣበቂያውንና መነሻውን ሳያበጁ ቀለም አያነሡም ነበር። ትምህርቱ አንድ ነው። ሥዕል የሚጀምረው ከሥር ነው።

የዘይት ቀለም ዘመናት ያስቆጠረ ነው። በውሃ የሚበጠበጠው የሰዓሊ አክሪሊክ ግን ገበያ የወጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተነባብረው መቶ ዓመት ሲሞላቸው ምን እንደሚሆኑ ያየ ሰው የለም። ጥንቃቄ የምናበዛው ለዚህም ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ቀለማችሁን ለዩ። ጣሳው ላይ «በውሃ ይቅጠን» የሚል ከሆነ የአክሪሊክ ወገን ነው፤ እኛ ፕላስቲክ ቀለም የምንለው የግድግዳ ቀለም ከዚህ ይመደባል። «በተርፐንታይን» ወይም በአኳራጅ የሚል ከሆነ የዘይት ወገን ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ጠብታ ውሃ ጨምራችሁ በጥብጡት። ከውሃው ጋር ከተዋሃደ የውሃ ነው፣ ከተቋጠረ የዘይት ነው።

2. ጨርቁን አዘጋጁ። አቡጀዲም ሆነ ደሙሪያ በደንብ ይወጠር። በመጀመሪያ በውሃ የቀጠነ ነጭ የአናጢ ኮላ ይቀባ። ሲደርቅ ነጭ የአክሪሊክ መነሻ ሁለት ጊዜ ይቀባ። መነሻ ከሌለ ደብዛዛ ነጭ የግድግዳ ቀለም ለልምምድ ይበቃል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። የዘይት ቀለም በባዶ ጨርቅ ላይ አይቀባም፤ ዘይቱ ጨርቁን ቀስ በቀስ ያበሰብሰዋል። ሰዓሊዎች ጄሶ የሚሉት መነሻም ግንበኛ ግድግዳ የሚለስንበት ጀሶ አይደለም፤ ስሙ አያሳስታችሁ።

3. ሥዕሉን በአክሪሊክ ገንቡት። ንድፉ፣ ሰማዩ፣ መሬቱ፣ ትልልቁ ጥላና ብርሃን በዚህ ይለቅ። ስስና ደብዛዛ ይሁን። ወፍራምና የሚያብለጨልጭ የአክሪሊክ ሽፋን ዘይቱ የሚጨብጠው ነገር ያሳጣዋል። እዚህ ላይ የአክሪሊክ ጥቅም ይታያል፤ ይረክሳል፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይደርቃል፣ ስህተት ወዲያው ይስተካከላል።

4. ጠብቁ። በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ውሃ አለው። ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆይ።

5. በዘይት ጨርሱት። ፊት፣ እጅ፣ ጨርቅ፣ ቀስ ብሎ ከብርሃን ወደ ጥላ የሚሄድ ሁሉ ለዘይት ይተው። ዘይት ስለማይቸኩል ቀኑን ሙሉ ልታለሰልሱት ትችላላችሁ። ያለቻችሁን ጥቂት የዘይት ቀለም እዚህ ላይ አውሏት። የመጀመሪያው የዘይት ሽፋን የቀጠነ ይሁን፤ ዘይት የበዛበት ቀለም ሁልጊዜ ከላይ ይምጣ። ነጭ ስትመርጡ ከዚንክ ነጭ ይልቅ ቲታኒየም ነጭ ይሻላል። የዚንክ ነጭ በዘይት ውስጥ ከጊዜ ብዛት ተሰባሪ ይሆናል።

6. ከዚህ በኋላ ወደ አክሪሊክ አትመለሱ። ትንሽ ማስተካከያ እንኳ ብትሆን በዘይት ትሠራ። እኛን ያከሰረን ይህ ነው።

የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከጨርቅ ይልቅ ጣውላ ተመራጭ ነው። አክሪሊክ ይተጣጠፋል፣ የደረቀ ዘይት አይተጣጠፍም። ጣውላ ስለማይታጠፍ ሁለቱን ያስማማቸዋል።

በሙቀትና በአቧራ አገር

በካርቱም ከክረምቱ በፊት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን አክሪሊክ ብሩሽ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ብሩሹ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፣ ቀለሙ በጥቂት በጥቂቱ ይውጣ፣ ሳህኑ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። ጠዋት መሥራትም ይረዳል።

ዘይቱ በሌላ በኩል ጠላቱ ሀቡብ ነው። የአቧራው ግድግዳ ከሩቅ ሲታይ እርጥቡን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩት፣ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ በጨርቅ ሸፍኑት። አንዴ የገባ አቧራ አይወጣም።

ሥዕል ይዞ መጓዝ ሲመጣ ደግሞ (ለኛ ይሄ መቼ ይቀራል?) የቀለሙ ፊት ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ላላ ተደርጎ ይጠቅለል። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨማደዳል። አክሪሊክ በሙቀት ስለሚለሰልስ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ንጹሕ ወረቀት ይግባበት።

እሳት! እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ

የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶና ተከምሮ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይከማቻል፤ ማንም ክብሪት ሳይጭር ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ቤታችን ሣርና ፕላስቲክ ሸራ ነው። ስለዚህ የብሩሽ መጥረጊያ ጨርቅ በሙሉ ውጭ ተዘርግቶ አንድ በአንድ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ በተሞላ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ይግባ። ይህን የሚከታተል አንድ ተማሪ በየሳምንቱ ይመደብ።

ተርፐንታይንና አኳራጅ የሚከፈተው አየር ባለበት፣ ከምድጃ ርቆ ነው። እጅ በእሱ አይታጠብ፤ በሳሙና ይበቃል። የቀለም እጣቢ ውሃ ቦኖው አካባቢ አይደፋ።

ለመምህራን፦ የአራቱ ሳጥን ሙከራ

ተማሪ ሲነገረው ይረሳል፣ ሲያየው ግን አይረሳም። ይህን ሙከራ በአንድ ቁራጭ ካርቶን መሥራት ይቻላል። ካርቶኑን ነጭ ቀብታችሁ ስታደርቁ አራት ሳጥን ሥሩበት።

ሀ. አክሪሊክ ብቻ
ለ. ዘይት ብቻ
ሐ. አክሪሊክ፣ ከሦስት ቀን በኋላ በላዩ ዘይት
መ. ዘይት፣ ከሦስት ቀን በኋላ በላዩ አክሪሊክ

ተማሪዎች በየሳምንቱ ያዩትን በደብተር ይጻፉ። ከአንድ ወር በኋላ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፋችሁ በፍጥነት ንቀሉት። በጥፍርም ጫር ጫር አድርጉት። የትኛው ተላጠ? ለምን? መልሱን ከመንገራችሁ በፊት ልጆቹ ይከራከሩበት። በዚህ አንድ ካርቶን የሥዕልም የሳይንስም ትምህርት ይሰጣል፤ መትነንና ከኦክሲጅን ጋር መዋሃድ እንዴት እንደሚለያዩ በዓይን ይታያል።

በመጨረሻም

በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ እንደ ሌላው ሁሉ እኛም የያዝነውን ይዘን ወጣን። ትልቁ ሥዕል እዚያው ዴም ግቢ ውስጥ ቀረ፤ ይኑር አይኑር አናውቅም። ልጅቷ ግን ያን ደብተር ይዛው ወጥታለች።

እዚህ ካምፕ ከደረስን በኋላ አያቷን እንደገና ሠራቻት። የተላጠውን ቁራጭ አጠገቧ አስቀምጣ እያየች፣ በትንሽ ጣውላ ላይ። ነጠላው፣ ጥላውና ከኋላ ያለው ግድግዳ በአክሪሊክ ነው። ሦስት ቀን ጠበቀች። ከዚያ ፊቱን፣ ባለን የመጨረሻ ቲዩብ፣ በዘይት ጨረሰችው። ዓመት ሊሞላው ነው። በየጊዜው ጫፉን በጣታችን እንነካዋለን። እስካሁን አልተነሣም።

የአራቱን ሳጥን ሙከራ የሠራችሁ ክፍሎች ውጤታችሁን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። መልካም ሥራ!